ስለ ይቅርታ፣ ስለ ትዳርና ፍቺ፣ እንደ ሕፃን ስለማመንም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አብዛኛው መልስ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እና 19 ስለሚነሳ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

ይቅር ማለት መርሳት ነው እንዴ?

አይደለም። የሆነን ነገር ከአእምሮ ማጥፋት በእጃችን አይደለም፤ ማንም ደግሞ እሱን አላዘዘንም። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት ግሪክኛ "ይቅር ማለት" ተብሎ የሚተረጎመው ቃል በቀላሉ "መተው፣ መልቀቅ" ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ ይመቻል። "ዕዳውን ተወለት" ስንል ዕዳ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ነበረ፣ መጠኑም ይታወቃል፣ ግን ከእንግዲህ አልጠይቅህም ማለት ነው።

ስለዚህ "ምንም አይደለም" እና "ይቅር ብያለሁ" አንድ አይደሉም። ምንም ካልሆነማ ይቅር የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? በደሉን በስሙ ሳይጠራ "ተውኩት" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አልተወውም፣ አስቀምጦታል፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሌላ ጠብ መሀል ብቅ ይላል።

ስንት ጊዜ ነው ይቅር ማለት ያለብኝ? 490 ጊዜ?

ጴጥሮስ ይህንን ሲጠይቅ ቁጥሩንም ራሱ አቅርቦ ነበር፦ "እስከ ሰባት ጊዜ?" ብዙ የሰጠ ሳይመስለው አልቀረም። መልሱ "እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት" ሆነ። ማባዛት የሚወዱ ሰዎች 490 ይላሉ፤ ግሪክኛው 77 ተብሎም ሊነበብ ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ ደብተር ይዞ የሚቆጥር ሰው ነገሩ አልገባውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው። ዘፍጥረት 4 ላይ ላሜሕ የሚባል ሰው ያቆሰለውን መግደሉን ለሁለት ሚስቶቹ እየፎከረ ሲናገር፣ ለቃየን ሰባት እጥፍ ከተበቀሉለት ለእኔማ ሰባ ሰባት እጥፍ ነው ይላል። ኢየሱስ ያንኑ የበቀል ቁጥር አንስቶ ለይቅርታ አዋለው። ወንጌሉን መጀመሪያ የሰሙት አይሁድ የላሜሕን ፉከራ ያውቁት ስለነበር "ሰባ ጊዜ ሰባት" ሲባል የሚያስቡት ሒሳብ አይመስለኝም፣ ደም ነው።

እኔ ይቅር ካላልኩ እግዚአብሔርም ይቅር አይለኝም ማለት ነው?

ጽሑፉ ላይ ያለው እንደዚያ ነው፣ ማለሳለስ አልችልም። ማቴዎስ 6፥15 ላይ በቀጥታ ተነግሯል፣ ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ በምሳሌ። አንድ አገልጋይ ለንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳ አለበት። ዛሬ "እልፍ" ስንል "ብዙ" ለማለት ነው፣ ቁጥሩ ግን 10,000 ነው። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ገደማ ይሆን ነበር፣ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ። ይባዛ ሲባል 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይመጣል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ እንኳ 200,000 ዓመት! ሰውዬው ግን ተንበርክኮ "ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍላለሁ" ይላል። እዚህ ጋ መሳቅ ይፈቀዳል፣ ምሳሌው ሆን ተብሎ የተጋነነ ነው።

ንጉሡ ማረው። ወጣ ሲል መቶ ዲናር ዕዳ ያለበትን ባልደረባውን አገኘና አንገቱን አነቀው። መቶ ዲናር ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ የአራት ወር ገደማ ሥራ ነው፤ ማለትም ምሳሌው "የተበደልከው ምንም አይደለም" አይላችሁም። የአራት ወር ልፋት የተበላበት ሰው ያመዋል። ችግሩ እንደዚያ ምሕረት የተደረገለት ሰው ከምሕረቱ ምንም ሳይዝ መውጣቱ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ይቅርታችን የእግዚአብሔርን ይቅርታ የምንገዛበት ዋጋ አይደለም፣ ንጉሡ ቀድሞ ምሯልና። ግን ማነቁን ያላቆመ እጅ የተሰጠውንም መያዝ አይችልም።

የበደለኝ ሰው ይቅርታ ካልጠየቀስ?

እዚህ ላይ ይቅርታና ዕርቅ ይለያያሉ። ሉቃስ 17፥3 "ቢጸጸት ይቅር በለው" ይላል፤ ማርቆስ 11፥25 ደግሞ ለጸሎት ስትቆሙ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ይላል፣ ጸጸትን ሳይጠቅስ። ኢየሱስ ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ የለመነው ይቅርታ ላልጠየቁት ነበር። ሁለቱን አብሬ ሳነብ የሚገባኝ፣ ቂሙን ለመልቀቅ የማንንም ጸጸት መጠበቅ የለብኝም፣ ግንኙነቱ እንዲመለስ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጳውሎስም ሮሜ 12፥18 ላይ ከሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል "ቢቻላችሁስ፣ በእናንተ በኩል" የሚል ገደብ አስገብቷል።

ዮሴፍን ተመልከቱት። ወንድሞቹ ሸጠውት ነበር። ሲያገኛቸው እቅፍ አድርጎ አላለቀሰም፣ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ። ሰላዮች ናችሁ አላቸው፣ ሦስት ቀን አሰራቸው፣ ብንያምን አምጡ አለ፣ ጽዋውን በስልቻ አስደበቀ። ማንነቱን የገለጠው ይሁዳ "በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን" ካለ በኋላ ነው። ያኔ ሰዎቹ እንደተለወጡ አየ። ይቅርታ በልብ በአንድ ቀን ሊጀመር ይችላል፣ አመኔታ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ መውሰዱ ቂም አይደለም።

ይቅር ካልኩት ወደ ሕግ መሄድ አልችልም ማለት ነው?

ትችላላችሁ። ማቴዎስ 18፥15 ጀምሮ ያለው ሥርዓት ራሱ ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ በምስክር፣ ከዚያ በጉባኤ ፊት። ነገር መሸፋፈን አይደለም። በልጅ ላይ የተፈጸመ በደል ሲሆን ደግሞ ያው ምዕራፍ ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢሰጥም ይሻለው ነበር ይላል። ይህን አንብቦ የተደፈረችን ልጅ "ይቅር በይው፣ ነገሩም እዚሁ ይቅር" የሚል የሃይማኖት ሰው ካለ ምዕራፉን ከመሀል ነው የጀመረው። ፖሊስ ጋ መሄድ ከይቅርታ ጋር አይጣላም።

"እንደ ሕፃን ማመን" ሲባል ሳይጠይቁ መቀበል ነው?

ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ይስቃል። የአራት ዓመት ልጅ ሳይጠይቅ? ቀኑን ሙሉ "ለምን" ሲል አይደል የሚውለው! "አትጠይቅ፣ እንደ ሕፃን እመን" የሚባለው ብዙ ጊዜ መልስ በሌላቸው ሰዎች ነው። ጳውሎስማ በአእምሮ ሕፃናት አትሁኑ፣ ሕፃን መሆን ያለባችሁ ለክፋት ነው ብሏል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20)።

ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት "በመንግሥተ ሰማያት ከሁሉ የሚበልጥ ማን ነው?" ብለው ነበር። የሥልጣን ጥያቄ ነው። ኢየሱስ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመና ካልተመለሳችሁ እንደ ሕፃናትም ካልሆናችሁ ከቶ አትገቡም አለ። መብለጡ ቀርቶ መግባቱም አጠራጣሪ ሆነ። በዚያ ዘመን ልጅ ማለት ድምፅ የሌለው፣ ደረጃ የሌለው ማለት ነበር። ስለዚህ ንግግሩ ስለ የዋህነት ውበት ሳይሆን ስለ ቦታ ነው፦ ታች ውረዱ።

ሌላም አለ። ምዕራፍ 19 ላይ ሕፃናቱን ሲያመጡ ደቀ መዛሙርቱ ገሠጹ፣ እሱ ግን "ሕፃናትን ተዉአቸው" አለ፣ ማርቆስ እንደጻፈው ተቆጥቶ። ወዲያው ቀጥሎ አንድ ባለጠጋ ጎልማሳ መጥቶ "ምን መልካም ነገር ላድርግ?" ይላል። የጠበቃቸውን ትእዛዛት ሁሉ ይዞ መጣ፣ እያዘነ ሄደ። ሕፃናቱ ባዶ እጃቸውን መጥተው ተባርከው ሄዱ። ወንጌላውያኑ ሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ትዳር በክርስትና ውል ነው ወይስ ሌላ?

ኢየሱስ ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ወደ ዘፍጥረት ተመልሶ ሁለት ጥቅስ አያያዘ፦ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው የሚለውን ከ1፥27፣ ሁለቱም አንድ ሥጋ ይሆናሉ የሚለውን ከ2፥24። "እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው" የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ተክሊልን ከምሥጢራት አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ፕሮቴስታንቶች በብዛት ምሥጢር ሳይሉት ኪዳን ይሉታል። ሁሉም ግን ሲሰለች የሚቀደድ ወረቀት አይደለም ይላሉ።

ታዲያ ያላገባ ሰው ጎዶሎ ነው?

በፍጹም። ኢየሱስ አላገባም። ጳውሎስም 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ሲጽፍ ሚስት አልነበረችውም፣ እንደኔ ቢሆኑ ይሻላል እስከማለትም ሄዷል። ማቴዎስ 19፥12 ላይም ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ሳያገቡ የሚኖሩ በክብር ተጠቅሰዋል። "መቼ ነው የምታገቢው?" እያሉ ሰላም የሚነሱ ሰዎች ይህን ጥቅስ ብዙም አይወዱትም።

ቁርጡን ንገሩኝ፤ ፍቺ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

ፈሪሳውያንም ቁርጡን ነበር የፈለጉት። "ሰው በሆነው ምክንያት ሁሉ ሚስቱን ሊፈታ ተፈቅዶለታልን?" አሉ። ከጀርባው ክርክር ነበር። ዘዳግም 24 ባል በሚስቱ ላይ "የእፍረት ነገር" ቢያገኝ የፍቺ ጽሕፈት ይሰጣታል ይላል። ከሁለቱ የአይሁድ መምህራን የሻማይ ወገን ይህ የዝሙት ነውር ብቻ ነው ሲል የሂሌል ወገን ወጥ ብታሳርርም ይበቃል ይል ነበር። ሚሽና በሚባለው የአይሁድ መምህራን ትምህርት ስብስብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጥያቄው ፖለቲካም ነበረበት፤ መጥምቁ ዮሐንስ የተገደለው ሄሮድስ አንቲጳስ የወንድሙን ሚስት ሄሮድያዳን ማግባቱን ስለተቃወመ ነው።

ኢየሱስ "ሙሴ ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ፈቀደላችሁ፤ ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም" አለ። እነሱ "ሙሴ አዘዘ" ነበር ያሉት፣ እሱ "ፈቀደ" ብሎ አረማቸው። ልብ በሉ፣ የፍቺ ጽሕፈቱ የተሰጠው ለወንዱ ምቾት ብቻ አልነበረም፤ የተባረረች ሴት ነፃ መሆኗን የምታሳይበት፣ ሌላ ሰው ልታገባ የምትችልበት ማስረጃ ነበር። በዚያ ዘመን ባል የሌላት ሴት ብዙ ጊዜ መተዳደሪያም አልነበራትም። ስለዚህ "በሆነው ምክንያት ሁሉ" የሚለውን በር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠበቁት እነዚያ በአንድ ወጥ ሰበብ የሚጣሉት ሴቶች ናቸው። ለዚህ ይመስለኛል ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው "እንዲህማ ከሆነ መጋባት አይጠቅምም" ያሉት። ወንዶች ናቸዋ!

ማቴዎስ "ያለ ዝሙት ምክንያት" ይላል፣ ማርቆስና ሉቃስ ግን የላቸውም። የቱን ልያዝ?

አብያተ ክርስቲያናት የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአግባቡ የተፈጸመና የጸና የክርስቲያኖች ጋብቻ ከሞት በቀር አይፈርስም ትላለች፤ ጋብቻው ከመጀመሪያው አልጸናም ተብሎ የሚታወጅበት ሥርዓት ግን አላት። ያ ፍቺ አይደለም፣ "ጋብቻ አልነበረም" ማለት ነው። የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ለሰው ድካም ሲሉ ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ሦስተኛ ጋብቻን በንስሐ ጸሎት ይፈቅዳሉ፣ አራተኛ ግን የለም። ፕሮቴስታንቶች በብዛት የማቴዎስን ቃልና 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥15ን ይዘው ለዝሙትና ጥሎ ለሄደ ይፈቅዳሉ።

አንድ ነገር ግን ከወንጌላቱ ማርቆስ 10፥12 ላይ ብቻ አለ፦ ሴቲቱም ባሏን ብትፈታ የሚል። በሮማ ሕግ ሴትም መፍታት ትችል ነበርና ሕጉ ለሁለቱም እኩል ሆነ። የራሳችሁን ጉዳይ በጥቅስ ብቻ ከመወሰን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከመጋቢያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ባሌ ይደበድበኛል። ቤተሰብ "ቻይው፣ መስቀልሽ ነው" ይለኛል።

መጀመሪያ ከአደጋው ውጪ። አሁኑኑ፣ ልጆች ካሉም ከልጆቹ ጋር። የምታምኛቸውን ሰዎችና ፖሊስ አሳውቂ። ሌላው ጥያቄ ሁሉ ደኅና ቦታ ከሆንሽ በኋላ ይደርሳል። ፍቺን በጣም የምታጠብቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሕጓ አንዱ ወገን ለሌላው አደጋ ከሆነ ሌላው ተለይቶ መኖር እንደሚችል ትደነግጋለች።

"መፋታትን እጠላለሁ" የሚለው ሚልክያስ 2፥16 እንዲህ ያለች ሴትን ለማሰር ሲጠቀስ ያናድደኛል። ክፍሉ የሚወቅሰው የልጅነት ሚስቶቻቸውን የከዱ ወንዶችን ነው፤ እዚያው ቁጥር ላይ ግፍን እንደ ልብስ የሚለብስም አብሮ ተጠልቷል። ግማሹን አንብቦ ግማሹን መዝለል አይሆንም። ዘጸአት 21፥10-11 ደግሞ በባርነት ለተገዛች ሚስት እንኳ ባሏ ምግቧን፣ ልብሷንና የጋብቻ መብቷን ከነፈጋት በነፃ ትውጣ ይላል። መስቀል ሰው ወድዶ ስለ ጽድቅ የሚሸከመው ነው እንጂ ሌላ ሰው በቡጢ የሚጭንብሽ አይደለም።

የትዳር ጓደኛዬ ወሰለተብኝ። መፍታት ግዴታዬ ነው? ወይስ ይቅር ማለት?

መፍታት ተፈቀደ ማለት ታዘዘ ማለት አይደለም። ነቢዩ ሆሴዕ የከዳችውን ሚስቱን መልሶ ወስዷል። በሌላ በኩል ይቅር ማለት ደግሞ በዚያው አልጋ ላይ መመለስ ማለት አይደለም። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ሰው የሚጎዳው። ይቅር ብሎ መለየት አለ፣ አብሮ እየኖሩ በየቀኑ መቅጣትም አለ። የኋለኛው ከፍቺ ይሻላል ብዬ መሐላ አልምልም።

ለመመለስ ካሰባችሁ ጥፋተኛው እውነቱን ሙሉ ተናግሯል? ግንኙነቱን ቆርጧል? ስልኩን፣ ጊዜውን፣ ገንዘቡን ግልጽ ለማድረግ ፈቃደኛ ነው? "ክርስቲያን አይደለሽ እንዴ፣ ይቅር በይኛ" እያለ የሚያጣድፍ ሰው ገና አልተጸጸተም። የተጸጸተ ሰው ይታገሣል።

ባለቤቴ አያምንም። ልፍታው?

ጳውሎስ አብሮሽ ለመኖር ከተስማማ አትተዪው፣ እሱ ልሂድ ካለ ግን ይሂድ፣ በዚህ አትታሰሪም ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥12-15)። "ጌታ ሳይሆን እኔ እላለሁ" ብሎ መጀመሩ ደስ ይለኛል፤ ኢየሱስ ያልተናገረውን በእሱ ስም አልተናገረም።

ተፋትቼ ሌላ አግብቻለሁ። አሁን ይህንን ፈትቼ ወደ መጀመሪያው ልመለስ?

ይህን የሚመክሩ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ዘዳግም 24፥4 ራሱ ሌላ ሰው ያገባች ሴት ወደ መጀመሪያ ባሏ እንዳትመለስ ይከለክላል፤ ሁለተኛ ቤት ማፍረስም የመጀመሪያውን አያቆምም። አምስት ባሎች የነበሯት ሳምራዊት ሴት ዮሐንስ 4 ላይ ከኢየሱስ ጋር ስትነጋገር እውነቱን ሁሉ ነገራት፣ ግን አንደኛውን ባልሽን ፈልጊ አላላትም። ስለ ትናንቱ ንስሐ ግቡ፣ የቀድሞ ልጆችንና የቀድሞ ዕዳችሁን አትካዱ፣ የዛሬውን ቃል ኪዳን ደግሞ ጠብቁ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ቁርባንን በተመለከተ ምን እንደሚደረግ ግን ሥርዓቱ ይለያያልና ጠይቁ።

ሌላውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ፣ ራሴን ግን አልቻልኩም።

"ራስን ይቅር ማለት" የሚል ሐረግ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ይህ ለአንዳንዱ ያስደነግጣል፣ እኔን ግን ያሳርፈኛል። አበዳሪው እኔ አይደለሁማ፤ ዕዳዬን የሚተወው ሌላ ነው። የሚካስ ነገር ካለ ካሱ፣ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለው። የበደላችሁት ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ንገሩት፣ እንዲቀበላችሁ ሳታስገድዱ።

"ስንት ጊዜ ይቅር ልበል?" ብሎ የጠየቀው ጴጥሮስ ነበር አይደል? እሱ ራሱ በአንድ ሌሊት፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ፣ ሦስት ጊዜ "አላውቀውም" አለ። ከትንሣኤ በኋላ በባሕሩ ዳር ሌላ የፍም እሳት ተቀጣጥሎ ዓሣ ተጠብሶበት ጠበቀው። ማንም "ለምን ካድከኝ" አላለውም። "ትወደኛለህን?" ተባለ፣ ሦስት ጊዜ፤ በሦስተኛው አዘነ። የመጀመሪያው የተሰጠው ሥራ "ግልገሎቼን አሰማራ" የሚል ነበር።